መስከረም የተማሪ ወር ከመሆኑ በፊት

ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በሩን የከፈተው በሚያዝያ ነው፤ ዘመኑ 1917 ዓ.ም.። ይህን የሚሰማ የዛሬ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በሚያዝያ ፋሲካ ይመጣል፣ ዓመቱ ወደ ማለቂያው ይጠጋል፣ ያልተጠና ትምህርት ማስጨነቅ ይጀምራል እንጂ ማን ትምህርት ይጀምራል? ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው፤ አደይ ፈንድቶ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ አዲሱ ጫማ እግር እየላጠ። ከጥንት የመጣ ሥርዓት ይመስላል። አይደለም። የአገሩ ልጆች በአንድ ወር ተሰልፈው፣ ክፍል ተመድቦላቸው፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው ዓመቱን «ሀ» የሚሉበት ልማድ በኢትዮጵያ እንግዳ ነው፤ ሥር ከሰደደ መቶ ዓመት አልሞላውም።

ከዚያ በፊት የነበረው ተማሪ የየራሱ መስከረም ነበረው። አባቱ ወይም እናቱ እጁን ይዘው የኔታ ዘንድ ካቀረቡት ዕለት ጀምሮ ተማሪ ነው፤ ያ ዕለት የኅዳር ማክሰኞም ሊሆን ይችላል፣ የግንቦት ሐሙስም። በየኔታ ደጅ «ክፍል» የሚባል ነገር የለም። ፊደል የሚቆጥረው፣ አቡጊዳ የገባው፣ መልእክተ ዮሐንስ የያዘው፣ ዳዊት የሚደግመው ሁሉ በአንድ ዛፍ ጥላ ወይም በአንዲት ጎጆ ተኮልኩሎ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ለእንግዳ ጆሮ ሁካታ ነው። የኔታ ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የተዘለለችውን አንዲት ፊደል ለይተው ይሰማሉ።

ትምህርቱ በደንብ የታሰበበት ነበር። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ሰባት ቤታቸው 231 ሆነው ይቆጠራሉ። ልጁ በቃሉ ሸምድዶ እንዳያታልል አቡጊዳ ይመጣና ቅደም ተከተሉን ያመሰቃቅልበታል፤ ዓይኑ ፊደሉን በእርግጥ መለየቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። ቀጥሎ የዮሐንስ መልእክት አለ፦ መጀመሪያ ፊደል በፊደል በቁጥር፣ ከዚያ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ። ዳዊት 150 መዝሙሩን ይዞ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዳዊት ለጨረሰ ልጅ ቤተሰቡ ድግስ ይደግሳል፣ የኔታም ስጦታቸውን ይቀበላሉ። የዛሬ ትልቅ ሰው ልጅ ሲያገኝ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ጥያቄው «ምን ላይ ደረስህ?» ነበር። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ሁለተኛው ጥያቄ ዓመትን አይቆጥርም። ፈጣኑ ቶሎ ያልፋል፣ ቀርፋፋው ይቆያል፣ ላቅ ያለው ታናሹን ያስቀጽላል፤ «ወደቀ» የሚባል ልጅ ግን የለም፤ የሚወድቅበት ዓመት የለማ።

ከፍ ያለው ትምህርትስ? እሱ ቦታ ነበር እንጂ ዓመት አልነበረም። ድጓ የፈለገ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር፣ ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም ይሄዳል፤ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የሚጠራው በቅኔያቸው ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው በየደጁ በማርያም ስም እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪ «ሁለተኛ እርከን» ገባሁ አይልም፤ እገሌ የተባሉ መምህር ዘንድ ገባሁ ይላል። በወሎም እንዲሁ ነበር። በሉሕ ላይ ፊደሉን እየጻፈና እያጠበ ቁርአን የጨረሰ ልጅ ደረሳ ሆኖ ወደ ታወቁት ሼኾች፣ ወደ ዳና ወይም ወደ ጌታ ይጓዛል። በሁለቱም ወገን ሰው ወደ መምህር ይሄዳል እንጂ ዓመት ወደ ሰው አይመጣም።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ያስከፈቱት ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ አልገለበጠም። ንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያ ጣጣቸው ካህናቱ ነበሩ፤ የውጭ መምህር ሃይማኖት ያስለውጣል የሚለው ስጋት ቀላል አልነበረም። መላው የተገኘው ከግብፅ ነው። የእስክንድርያ መንበር ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚልክ ነበርና ከዚያው ወገን የመጡ ኮፕት መምህራን ሃይማኖት ያስለውጣሉ ተብለው አይጠረጠሩም። በፕሮፌሰር ሐና ሳልብ የሚመራው ቡድን ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛና ጣሊያንኛ ማስተማር ጀመረ፤ ግዕዝና አማርኛም ነበሩ፣ ሒሳብም ነበር። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የመኳንንት ልጆች ናቸው። ቤተ መንግሥቱ የሚፈልገው አስተርጓሚና ጸሐፊ ነበርና ትምህርት ቤቱ ከሰዓት ሠንጠረዥ ይልቅ ለቋንቋ ይጨነቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ራስ ተፈሪ በራሳቸው ወጪ ያሠሩትና ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የመጀመሪያ ኃላፊው የሆኑት ተፈሪ መኮንን አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ፤ ደወል፣ ክፍል፣ ዩኒፎርም፣ ፈተና። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለሴቶች ልጆች እቴጌ መነን ተከተለ። ከዚያ ጣሊያን መጣ፣ ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፣ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ አለቁ። በ1934 ዓ.ም. ትምህርት እንደገና ሲጀመር አገሩ ወንበር የለውም፣ መጽሐፍ የለውም፣ መምህር የለውም። የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ይዘውት መቆየታቸው ለጉዳዩ የሰጡትን ክብደት ያሳያል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ለትምህርት ቤት ጓሮ በር እንኳ ፈቃድ ከላይ ይጠበቅ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

የዚያ ዘመን ክፍል ውስጥ ገብቶ ላየ ሰው የሚያስቀው የተማሪው ዕድሜ ነው። ጢሙ ያቆጠቆጠ ጎረምሳ ከአሥር ዓመት ሕፃን ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል። የልደት ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር ስላልነበረ ለአንደኛ ክፍል የሚመዘገብ ልጅ ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን እንዲይዝ ይታዘዛል፤ ከደረሰለት ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ ካልደረሰለት «ለከርሞ ና» ይባላል። ይህ መለኪያ ከእጅ ርዝመት በቀር የሚያውቀው ነገር ባይኖርም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አገልግሏል። ዳዊት ደግሞ የመጣ ልጅ ግን አንደኛ ክፍል አይበቃውም፤ ንባቡን ስለጨረሰ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል ይዘላል። «ደብል መታ» ይባላል። የየኔታ ዘመን «ምን ላይ ደረስህ?» በዘመናዊው ትምህርት ቤት ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተነፈሰው በዚህ ቃል ሳይሆን አይቀርም።

መስከረም ቦታውን የያዘው በእነዚህ ዓመታት ነው። ምክንያቱ ከዘመን መለወጫው ይልቅ ዝናቡ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይቆረጣል፣ መምህሩ ወደ ተመደበበት አውራጃ አይደርስም፣ የሣር ክዳኑ ያፈሳል። ዝናቡ ሲያባራ ዓመቱም ይለወጣልና ሁለቱ ገጠሙ። ለከተማ ልጅ ግጥሙ ያማረ ነው። ለገበሬ ልጅ ግን አይደለም። መስከረም ላይ ሰብሉ ገና ማሳ ላይ ነው፤ ከብት እንዳይገባበት የሚጠብቅ ልጅ ያስፈልጋል። ኅዳር ሲገባ አጨዳው ይጀመራል፣ ውቂያው እስከ ጥር ሊዘልቅ ይችላል። በመስከረም ስሙ በመዝገብ የሰፈረ እረኛ በኅዳር ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚል ይጠፋል። የላይኞቹ ክፍሎች፣ ማለትም ከአምስተኛ ጀምሮ ያሉት፣ በዚህ ይበልጥ ተጎድተዋል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመቱ የበለጠ ጉልበት አለው፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ደግሞ እንስራ መሸከም ብቻ ሳይሆን ለጋብቻ መታጨት ይጠብቃታል። የትምህርት ዘመኑ የተቆረጠው ለከተማ ነው፤ ገጠሩ ሲከተለው ኖረ።

የትኛው ክፍል «የላይኛው» እንደሆነም መስማማት አልተቻለም። ከነፃነት በኋላ መሰላሉ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ስድስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ስምንትና አራት ሆነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት። ይህ የመጨረሻው ለውጥ ከቁጥር በላይ ነበር፤ አማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለው የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ እንግሊዝኛ ተረከበ። ስለዚህ ሰባተኛ ክፍል የሚጀምር ተማሪ በሰኔ በአማርኛ የተሰናበተውን ሒሳብ በመስከረም በሌላ ቋንቋ ያገኘዋል። ክፍልፋይ ያው ክፍልፋይ ነው፤ ስሙ ግን ተለውጦ አላውቅህም ይላል። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ፒስ ኮር መምህራን ደረሱና በየአውራጃው ከተማ ተበተኑ። የመንደር ልጅ አማርኛ የማይችል መምህር ፊት ቁጭ ብሎ፣ በአፍንጫ የሚወጣ እንግሊዝኛ ሰምቶ፣ ማስታወሻ ጻፍ ተባለ። አብዛኞቹ ለመዱት፤ እንዲያውም የመምህሩን አነጋገር እየቀዱ ጓደኛ ማሳቅ የሰባተኛ ክፍል የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ልምምድ ሆነ።

«ሚኒስትሪ» የሚለው የተማሪ ቃል የመጣውም ከዚህ የክፍሎች መሰላል ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣው የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በተማሪው አፍ «ሚኒስትሪ» ሆነ፤ ሰው «ሚኒስትሪ ወሰደ»፣ «ሚኒስትሪ ወደቀ»፣ «ሚኒስትሪ አለፈ» ይባላል። የአንድ መሥሪያ ቤት ስም የልጅ ዕጣ ስም ሲሆን ማየት የተለመደ አይደለም። ቃሉ ከመሥሪያ ቤቱ ፈታኝነትም በላይ ዕድሜ አገኘ። በኋላ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ለክልሎችና ለከተማ አስተዳደሮች ሲተላለፍም ተማሪው ስሙን አልቀየረም።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚሆኑ የላይኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። በታችኞቹ ክፍሎች ያሉት ግን እዚያው ቀሩ፤ ትልልቆቹ የሌሉበትን ዓመት እነሱ ያለ ታላቅ አሳለፉት። ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ለከተማ ልጅ ጥሩ አልነበሩም፣ በተለይ ለጎረምሳው። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ትልቅ ሰው ፊደል ሲያስቆጥር፣ ከመደበኛው ትምህርት ቤት ደጅ ያለው ሰልፍም እየረዘመ ሄደ። ክፍሉ ያው ነው፣ ልጁ በዛ። መፍትሔው ፈረቃ ሆነ። ጠዋት ገብቶ ቀትር ላይ የሚወጣው ተማሪ በር ላይ ከሰዓት ከሚገባው ጋር ይጋፋል፤ አንዱ አግዳሚ ወንበር በቀን ሁለት ባለቤት አለው፣ በወንበሩ ላይ በምላጭ የተቀረጸውም ስም የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይኖራል።

ከዚያ 1986 ዓ.ም. መጣ። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው መሰላሉን እንደገና ነቀለው፦ አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት፣ እሱም ለሁለት ተከፍሎ ከ1ኛ እስከ 4ኛ የመጀመሪያው፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሁለተኛው እርከን። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ቀረ፤ የስምንተኛው ብቻ ተረፈ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሆነ። ከዚህ በፊት አምስተኛ ክፍል ምንም አልነበረም፤ በአራተኛና በስድስተኛ መካከል ያለ ዓመት ብቻ ነው። ያኔ ግን ደፍ ሆነ። እስከ አራተኛ አንድ መምህር ሁሉንም ያስተምራል፤ ሒሳቡንም፣ አማርኛውንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም። መምህሯ የልጁን እናት ታውቃለች፣ ሳል ሲይዘው ታውቃለች። አምስተኛ ላይ ደወል ይደወልና መምህሯ ትወጣለች፣ ሌላ ሰው ይገባል፤ ደወል ይደወላል፣ እሱም ይወጣል። ለያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የየራሱ ደብተር፣ የየራሱ መምህር፣ የየራሱ ቁጣ። በዚህ የተነሣ አምስተኛ ክፍል ከጀመሩት ሕፃናት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያነሡት ጥያቄ ስለ ትምህርቱ አይደለም፤ «የእኛ ቲቸር የትኛዋ ናት?» ነው። መልሱ «የክፍል ኃላፊያችሁ» የሚል ነው፤ ስም የምትጠራው፣ ካርድ የምትሰጠው።

ቁጥሩም ተለወጠ። በ1987 ዓ.ም. ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያለው ተማሪ 3 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን አልፏል። እንዲህ ያለ ዕድገት ያለ ዋጋ አይመጣም። ፈረቃው አልቀረም፣ ክፍሉ ጠበበ፣ አዲሱ መምህርም ገና ከኮሌጅ የወጣ ወጣት ነው። ይሁንና እስከዚያ ድረስ መስከረም የማያውቃቸው ብዙ መንደሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የተማሪ ሰልፍ አዩ።

ከወረቀቱ ሥርዓት ጎን ለጎን ማንም ያላወጀው ሌላ ሥርዓት አለ። እሱ ከሚኒስቴሩ ይልቅ ጸንቷል። እንቁጣጣሽ ላይ ወንዶቹ ልጆች በቀለም የሣሉትን ሥዕል ለጎረቤት ያድላሉ፣ ሴቶቹ አበባየሁሽ እያሉ ይዞራሉ፤ የተገኘው ሳንቲም ለከረሜላ ይውላል ቢባልም ብዙው የሚገባው ደብተር መግዣ ውስጥ ነው። ደብተሩ ተገዝቶ ሲመጣ በጀርባው ላይ ያለው የማባዛት ሠንጠረዥ ይፈተሻል፣ ከዚያ ይለበዳል። መለበድ የቆየ ቃል ነው፤ የብራና መጽሐፍ የእንጨት ገበታውን በቆዳ ማልበስ ማለት ነው። ደብተር የሚለብደው ልጅ ግን ቆዳ የለውም፣ አዲስ ዘመን ጋዜጣ አለው። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ይህ ጋዜጣ ስንት የመንግሥት መግለጫ በሒሳብ ደብተር ሽፋን ላይ እንዳስነበበ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። በኋላ ካኪ ወረቀት መጣ፣ ፕላስቲክም መጣ።

የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት አይደለም። ክረምቱን ሙሉ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሣር አብቅሎ ይቆያልና ተማሪ ማጭድ ወይም መጥረጊያ ይዞ ይመጣል። ስም ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከጓደኛው ሴክሽን የተለየ ልጅ ያለቅሳል፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ የቤተሰብ ወረፋ ይሠራል። የክፍል አለቃ ይመረጣል፤ የመጀመሪያ ሥራውም መምህር በሌለበት የሚያወሩትን ስም በወረቀት መጻፍ ነው። በዚህ ወረቀት የተነሣ የሚጀመር ቂም ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል፤ «ሰኔ 30 እንገናኛለን» የሚለው ዛቻ የሚዘራው በመስከረም ነው። ካርድ የሚሰጥበት፣ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ከዚያ በኋላ ማንም መምህር የማይቀጣበት ቀን ነውና። እውነተኛው ማስታወሻ መጻፍ የሚጀመረው ደመራ ተለኩሶ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ መሆኑን ወላጅም መምህርም ያውቃል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደብተርና ዩኒፎርም በነፃ ማደል ተጀመረ፤ የተማሪዎች ምገባም ተስፋፋ። በዚያው ዓመት መጋቢት ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። የ2013 የትምህርት ዘመን መስከረምን ዘለለ፤ ተማሪዎች የተመለሱት በጥቅምት፣ ያውም በየተራ ነው። በትግራይ እሱም አልሆነም። በዚያው ወር የተነሣው ጦርነት የክልሉን ትምህርት ቤቶች ዘግቶ አቆየ፤ ትምህርት እንደገና መጀመር የቻለው በ2015 ዓ.ም. የመጨረሻ ወራት ነው። አምስተኛ ክፍል ላይ የነበረ ልጅ ወደዚያው ክፍል ሲመለስ ዕድሜው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ ሆኗል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ስንት ትምህርት ቤቶች መስከረምን ሳይከፈቱ አሳልፈዋል።

በዚህ መካከል መሰላሉ አንድ ጊዜ እንደገና ተነቀለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ወደ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተመለሰ፤ ሰባተኛና ስምንተኛ «መካከለኛ ደረጃ» ተባሉ፣ የስድስተኛ ክፍል ፈተናም ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ከሄደበት መጣ። በአንዳንድ ቤት ዛሬ የሚፈተነው ልጅ ከአያቱ ጋር ስለ ፈተናው ማውራት ይችላል። አያቱ በንጉሡ ዘመን ወይም በደርግ መጀመሪያ ስድስተኛ ላይ ተፈትነዋል። እናቱ ግን ከ1986 በኋላ የተማረች ናትና ስድስተኛን ያለፈችው በክፍል ፈተና ብቻ ነው፤ ልጇ በምሽት ሲያጠና ምን እንደምትረዳው ግራ ይገባታል። አያቱ ከጓዳ «ሚኒስትሪ ነው እንዴ?» ይላሉ። ልጁም «አዎ፣ ሚኒስትሪ» ይልና ወደ ደብተሩ ይመለሳል።